«ጎልደን አወር»፦ ግራሚ የሸለመውን አልበም የካንትሪ ሬዲዮ ለምን አላጫወተውም?

የግራሚ ሽልማትን የሚሰጠው የአሜሪካው ሪከርዲንግ አካዳሚ በጁን 2025 አንድ ለውጥ አሳወቀ። ለዓመታት «ምርጥ የካንትሪ አልበም» እየተባለ በአንድ ምድብ ሲሰጥ የቆየው ሽልማት ከ2026 ጀምሮ ለሁለት ተከፈለ። ነባሩ «ምርጥ ዘመናዊ የካንትሪ አልበም» ሲባል ከጎኑ «ምርጥ ባህላዊ የካንትሪ አልበም» የሚል አዲስ ምድብ ተጨመረ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉ ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዜናው የተሰማው ቢዮንሴ «ካውቦይ ካርተር» በተሰኘው አልበሟ ይህንኑ ሽልማት ካሸነፈች ከአራት ወር በኋላ ስለነበር ክርክሩ ወዲያው ጦፈ። ገሚሱ «እሷ ስላሸነፈች ነው የከፈሉት» አለ። ሌላው ደግሞ «የካንትሪ ሬዲዮ ያላጫወተው አልበም ከመጀመሪያውም ካንትሪ አይደለም» ሲል መለሰ። የአካዳሚው ኃላፊ ሃርቪ ሜሰን በበኩላቸው ጥያቄው ከካንትሪ ሙያተኞች ዘንድ ከአንድ ጊዜ በላይ ቀርቦ የነበረ መሆኑን ተናግረዋል።

በሁለቱም ወገን ያለው ግራ መጋባት ምንጩ አንድ ነው። ሽልማቱ፣ የሽያጭ ሰንጠረዡና ሬዲዮው አንድን ነገር የሚለኩ ይመስላቸዋል። ሦስቱ የሚለኩት የተለያየ ነገር ነው፤ በመካከላቸው ባለው ክፍተት ውስጥ ደጋግመው የሚወድቁት ደግሞ የሴት ድምፃውያን አልበሞች ናቸው። ይህን ለማየት የቢዮንሴ ጉዳይ ምቹ አይደለም፤ የድምፃዊቷ ዝና፣ የዘር ጥያቄና ከሌላ ዘውግ መምጣቷ ነገሩን ያወሳስበዋል። ይልቅ የካንትሪ ልጅነቷን ማንም ያልካደባትን ድምፃዊት መመልከት ይሻላል። ኬሲ መስግሬቭስ በ2018 ያወጣችው «ጎልደን አወር» ለዚህ የተሻለ ማሳያ ነው።

አልበሙ እና ድምፁ

ካንትሪ ከአሜሪካ ደቡብ ገጠር የወጣ፣ በግጥም ታሪክ መንገርን የሚያስቀድም የሙዚቃ ዘውግ ነው። የኛ አገር አድማጭ በኬኒ ሮጀርስና በዶሊ ፓርተን በኩል ያውቀዋል። መስግሬቭስ በ1988 ቴክሳስ ውስጥ ተወልዳ ጎልደን በምትባል ትንሽ ቦታ አደገች። በ2013 ያወጣችው አልበም በ2014 የግራሚ ምርጥ የካንትሪ አልበም ሆነ። ከእሱ የወጣው «ሜሪ ጎ ራውንድ» በካንትሪ ሬዲዮ ሰንጠረዥ እስከ 10ኛ ደረጃ ደረሰ። ቀጥለው የወጡት ነጠላ ዘፈኖቿ ግን እዚያ አልደረሱም።

«ጎልደን አወር» ማርች 30 ቀን 2018 በኤምሲኤ ናሽቪል አሳታሚነት ለገበያ ቀረበ። 13 ዘፈኖች አሉት፤ ተጀምሮ እስኪያልቅ 45 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ፕሮዲውሰሮቹ ራሷ፣ ዳንኤል ታሺያንና ኢያን ፊቸክ ናቸው። አብዛኛው ቀረጻ የተካሄደው የካንትሪ ሙዚቃ ማዕከል በሆነችው በናሽቪል ከተማ አጠገብ ባለው በድምፃዊት ሸረል ክሮው የግል ስቱዲዮ ውስጥ ነው። በ13ቱም ዘፈኖች ድርሰት ላይ መስግሬቭስ እጇ አለበት፤ ይህ ነጥብ ከገንዘቡ ጋር ስለሚያያዝ ወደኋላ እመለስበታለሁ።

ክርክር ያስነሳው ድምፁ ነው። «ኦ ዋት ኤ ወርልድ» የተባለው ዘፈን ሲከፈት የሚሰማው ቮኮደር ነው። ቮኮደር የሰውን ድምፅ ከሲንተሳይዘር ጋር አዋህዶ ማሽን የሚዘምር የሚያስመስል መሣሪያ ሲሆን፣ ከዲስኮና ከኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ጋር የተቆራኘ ነው። ብዙም ሳይቆይ ባንጆ የተባለው የክር መሣሪያ ይገባል፤ ፔዳል ስቲልም ይከተላል። ፔዳል ስቲል በጠረጴዛ መልክ ተዘርግቶ፣ በእግር መርገጫና በጉልበት ማንሻ ክሮቹ እየተወጠሩና እየላሉ የሚጫወት፣ ኖታውን እየጎተተ የሚያለቅስ የካንትሪ መለያ መሣሪያ ነው። በአልበሙ ውስጥ ሁለቱ ዓለማት የሚገናኙት ዘፈን በዘፈን ተለያይተው ሳይሆን በአንድ ዘፈን፣ በአንድ ስንኝ ሥር ነው። «ሃይ ሆርስ» የተባለው ደግሞ ለይቶለት የዲስኮ ምት ይዟል። በተረፈ «ስፔስ ካውቦይ» በፒያኖና በስቲል ታጅቦ ዝግ ብሎ የሚሄድ የመለያየት ዘፈን ነው፤ ከ30 ዓመት በፊት በየትኛውም የካንትሪ ጣቢያ ቢለቀቅ እንግዳ አይሆንም ነበር።

አልበሙ ያገኘው ክብር በዘውጉ ታሪክ ጥቂቶች ያገኙት ነው። በኖቬምበር 2018 የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር (ሲኤምኤ) የዓመቱ አልበም አለው። ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2019 በግራሚ ምርጥ የካንትሪ አልበም ሆነ፤ በዚያው ምሽት ከዘውግ ሁሉ በላይ የሆነውን «የዓመቱ አልበም» ወሰደ። ከአልበሙ ሁለት ዘፈኖችም ተሸለሙ፤ «በተርፍላይስ» በምርጥ የካንትሪ ነጠላ ድምፃዊ አቀራረብ፣ «ስፔስ ካውቦይ» በምርጥ የካንትሪ ዘፈን። በኤፕሪል 2019 ደግሞ የካንትሪ ሙዚቃ አካዳሚ (ኤሲኤም) የዓመቱን አልበም ሰጠው። ያው «ስፔስ ካውቦይ» በካንትሪ ሬዲዮ የደረሰበት ከፍተኛው ደረጃ ግን 30ኛ ነበር።

ሦስት ሚዛን፣ ሦስት ውጤት

አንድ አልበም «ተወደደ» ወይም «ከሸፈ» የሚል ዜና ስናነብ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት የትኛው ሰንጠረዥ እንደተጠቀሰ ነው። ቢልቦርድ የተባለው የሙዚቃ ኢንዱስትሪ መጽሔት ብዙ ሰንጠረዦች ያወጣል፤ ለዚህ ጉዳይ ሦስቱ ይበቃሉ።

የመጀመሪያው «ቢልቦርድ 200» ነው፤ የሁሉም ዘውግ አልበሞች እርስ በርስ የሚወዳደሩበት ነው። መለኪያው «ተመጣጣኝ የአልበም ቁጥር» ይባላል። አንድ ሰው ሙሉ አልበም ሲገዛ አንድ ተብሎ ይቆጠራል። ዘፈኖችን ለየብቻ ከገዛ 10 ዘፈን አንድ አልበም ይሆናል። በስትሪሚንግ፣ ማለትም እንደ ስፖቲፋይ ባሉ አገልግሎቶች በኢንተርኔት ሲደመጥ፣ «ጎልደን አወር» በወጣበት ወቅት 1,500 ጊዜ መደመጥ አንድ አልበም ተደርጎ ይያዝ ነበር (ከጥቂት ወራት በኋላ ቀመሩ በከፋይና በነፃ አድማጭ ተለይቷል)። ስሌቱን በዚህ አልበም ላይ ብንሠራው 13ቱን ዘፈኖች ከዳር እስከ ዳር 115 ጊዜ ያህል ያዳመጠ ሰው አንድ ጊዜ ከገዛ ሰው ጋር እኩል ይሆናል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሳምንት ቁጥር ገንዘብ አውጥቶ የሚገዛ ታማኝ አድናቂ ላለው ድምፃዊ ያደላል። «ጎልደን አወር» በ49,000 ያህል ተመጣጣኝ ቁጥር 4ኛ ሆኖ ገባ፤ አብዛኛው ከሙሉ አልበም ሽያጭ የመጣ ነበር። በካንትሪ አልበሞች ሰንጠረዥ 1ኛ ሆነ።

ሁለተኛው «ሆት ካንትሪ ሶንግስ» ይባላል። እስከ 2012 ድረስ በካንትሪ ሬዲዮ ብቻ ይሰላ ነበር። በኦክቶበር 2012 ቢልቦርድ ቀመሩን ለወጠ፤ ሽያጭ፣ ስትሪሚንግና ሬዲዮ ተደመሩ። የሚቆጠረው ሬዲዮም የካንትሪ ጣቢያ ብቻ መሆኑ ቀረና የፖፕ ጣቢያዎችም ገቡበት። ሦስተኛው «ካንትሪ ኤርፕሌይ» ያኔ ለብቻው ወጣ፤ የሚያየው የካንትሪ ጣቢያዎችን ብቻ ነው። ስንት ጊዜ ተጫወተ ብቻ አይበቃውም፤ በተጫወተበት ሰዓት ስንት ሰው ያዳምጥ ነበር የሚለው ይሰላል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ 100 ጊዜ የተለቀቀ ዘፈን ጠዋት ሰው ወደ ሥራ ሲነዳ 100 ጊዜ ከተለቀቀው ጋር አይተካከልም።

የሁለቱ ልዩነት በ2024 በአንድ ዘፈን ላይ ቁልጭ ብሎ ታየ። የቢዮንሴ «ቴክሳስ ሆልደም» በ«ሆት ካንትሪ ሶንግስ» 1ኛ ሆነ፤ ጥቁር ሴት በዚህ ሰንጠረዥ አንደኛ ስትሆን የመጀመሪያዋ ነበረች። በ«ካንትሪ ኤርፕሌይ» ግን 33ኛን አላለፈም። «ካንትሪ ተቀበላት» የሚለውም፣ «ካንትሪ ገፋት» የሚለውም ማስረጃ ይዞ ይከራከር ነበር፤ የያዙት ሰንጠረዥ ተለያየ እንጂ።

ዘፈን ወደ ካንትሪ ሬዲዮ የሚገባበት መንገድ

ብዙ ሰው ሬዲዮ ላይ የሚሰማው የዲስክ ጆኪው ምርጫ ይመስለዋል። ይህ ከቀረ ቆይቷል። ሂደቱ በጥቅሉ እንዲህ ነው።

አሳታሚው ከአልበሙ አንድ ዘፈን መርጦ «ነጠላ» ብሎ ወደ ጣቢያዎች ይልካል። ለሰንጠረዥ የሚቆጠሩት በአገሪቱ ካሉት የካንትሪ ጣቢያዎች ሁሉ ተመርጠው ወደ 150 ገደማ የሚሆኑት ናቸው። አሳታሚው «በዚህ ቀን አስገቡልን» ብሎ ቀን ይቆርጣል፤ የአሳታሚው የሬዲዮ ሠራተኞች የየጣቢያውን የፕሮግራም ዳይሬክተር ያግባባሉ፣ ድምፃዊውም ጣቢያ ለጣቢያ ዞሮ ጊታሩን ይዞ ይዘፍናል። ዳይሬክተሩ ከተቀበለ ዘፈኑ መጀመሪያ የሚገባው በዝቅተኛው ዙር ነው፤ ማታና ሌሊት፣ በቀን ጥቂት ጊዜ። ካልተጠላ ወደ መካከለኛው፣ ከዚያ ጠዋትና ከሰዓት ወደሚደጋገመው ከባዱ ዙር ይወጣል። በካንትሪ ይህ አቀበት ረጅም ነው፤ ከ30 ሳምንት በላይ የሚፈጅበት ዘፈን ብዙ ነው። አንድ ጣቢያ በአንድ ወቅት የሚይዛቸው አዳዲስ ዘፈኖች ሠላሳ ገደማ ስለሆኑ አንዱ ካልወረደ ሌላው አይወጣም።

በየደረጃው የሚፈትነው «የመንጠቆ ጥናት» የሚባለው ነው። ከዘፈኑ ውስጥ በቀላሉ የሚታወቀው ክፍል፣ ከ7 እስከ 10 ሰከንድ የሚሆን፣ ለተመረጡ አድማጮች በስልክ ወይም በኢንተርኔት ይሰማል። ጥያቄዎቹ አጫጭር ናቸው፤ ታውቀዋለህ? ትወደዋለህ? ሰልችቶሃል? ችግሩ የሚጀምረው ከመጀመሪያው ጥያቄ ነው። ሰው የማያውቀውን ዘፈን በ7 ሰከንድ ሰምቶ «እወደዋለሁ» ማለት ይከብደዋል። ለመታወቅ ደግሞ አስቀድሞ መጫወት አለበት። እንደ «ስፔስ ካውቦይ» ዝግ ብሎ የሚሄድ፣ ስሜቱን ቀስ እያለ የሚገነባ ዘፈን በ7 ሰከንድ ቁራጭ ሲፈተን መውደቁ አያስደንቅም።

ሁለተኛው ፈታኝ ከ2007 ጀምሮ በትልልቅ ከተሞች የገባው ተንቀሳቃሽ መለኪያ ነው። የናሙና አድማጮች ይዘውት የሚንቀሳቀሱ ትንሽ መሣሪያ ሲሆን ከጣቢያው ስርጭት ጋር የሚላከውን ለጆሮ የማይሰማ ምልክት እየለየ ይመዘግባል። ቀድሞ አድማጩ በወረቀት የሚሞላው ነበር። አሁን ዳይሬክተሩ አድማጭ በየትኛው ደቂቃ ጣቢያ እንደቀየረ ያያል። ይህን ያየ ሰው ጀብድ አይወድም፤ ሰው ያልለመደው ድምፅ ሁሉ አደጋ መስሎ ይታየዋል።

ሦስተኛው ባለቤትነት ነው። በ1996 የወጣው የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ አንድ ኩባንያ በአገር አቀፍ ደረጃ ሊይዝ የሚችለውን የሬዲዮ ጣቢያ ቁጥር ገደብ አነሳ፤ ቀድሞ ገደቡ 40 ነበር። ክሊር ቻናል የተባለው ኩባንያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ1,200 በላይ ጣቢያ ሰበሰበ። ምርጫው ወደ ማዕከል ሲሳብ አንድ ዳይሬክተር «አይሆንም» ያለው ዘፈን በአንድ ከተማ ብቻ ሳይሆን በብዙ ከተማ ተዘጋ። ቀድሞ አንድ ጣቢያ ደፍሮ አጫውቶ ለሌላው ምሳሌ የሚሆንበት መንገድ ጠበበ።

የሴቶቹ ድርሻ፦ ቁጥሩና ክርክሩ

እስካሁን የተባለው ወንዱንም ሴቷንም ይመለከታል። የሴቶቹ ጉዳይ ለብቻው የሚታየው ከዚህ በላይ ሌላ ልማድ ስለተጨመረበት ነው።

በሜይ 2015 ኪዝ ሂል የተባሉ የሬዲዮ አማካሪ ለአንድ የሙያ መጽሔት በሰጡት ቃል፣ የካንትሪ ጣቢያ ተደማጭነት ከፈለገ ሴቶችን እንዲቀንስ መከሩ። ሴት ድምፃውያንን ተከታትለው ማጫወት እንደማያዋጣም አስረዱ። ወንዶቹን የሰላጣው ቅጠል፣ ሴቶቹን ላዩ ላይ ጣል የሚደረግ ቲማቲም አድርገው ስላቀረቧቸው ነገሩ በዚያው ስም ይጠራ ጀመር። ከንግግራቸው ይበልጥ ሊያዝ የሚገባው የጠቀሱት ቁጥር ነው፤ በእጃቸው ካሉት 40 ያህል የጣቢያ የሙዚቃ መዝገቦች ከፍተኛው የሴቶች ድርሻ 19 በመቶ ነበር።

በካናዳ የኦታዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ዶ/ር ጄዳ ዋትሰን በ2019 ያወጡት ጥናት ጉዳዩ የአንድ ሰው አስተያየት አለመሆኑን አሳየ። በዓመቱ መጨረሻ የካንትሪ ሬዲዮ ሰንጠረዥ የሴቶች ዘፈን ድርሻ በ2000 33.3 በመቶ የነበረው በ2018 ወደ 11.3 በመቶ ወርዷል። 2018 «ጎልደን አወር» የወጣበት ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ለአንድ ሴት ዘፈን ጨዋታ ወደ አሥር የሚጠጋ የወንድ ዘፈን ጨዋታ ይደርስ ነበር። ዋትሰን በሌላ ጥናት በሰዓት ከፋፍለው ሲያዩት ደግሞ የሴቶቹ ዘፈኖች በብዛት የሚጫወቱት ምሽትና ሌሊት፣ አድማጭ በሚያንስበት ሰዓት መሆኑን አገኙ። የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የአነንበርግ ተቋም በዚያው ዓመት ከ2014 እስከ 2018 የነበሩትን 500 ታዋቂ የካንትሪ ዘፈኖች ቆጥሮ ከድምፃውያኑ ሴቶቹ 16 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳወቀ።

የጣቢያዎቹ መከራከሪያ በጥሞና ሊደመጥ ይገባል። ሬዲዮ የሚኖረው በማስታወቂያ ነው፤ ማስታወቂያ የሚመጣው አድማጭ ሲቆይ ነው፤ በጥናታቸው ደግሞ የወንዶቹ ዘፈን የተሻለ ውጤት ያመጣል፣ ያውም ከሴት አድማጮች ዘንድ። «እኛ የሕዝቡን ምርጫ ነው የምንከተለው» ይላሉ። እውነት የሆነ ክፍል አለው፤ ካሪ አንደርዉድ፣ ሚራንዳ ላምበርት፣ በቅርቡም ሌኒ ዊልሰን በሬዲዮ 1ኛ ሆነዋል። ቴይለር ስዊፍት በ2010 የግራሚ የዓመቱን አልበም ስትወስድ የካንትሪ ሬዲዮ ከጎኗ ነበር። ስለዚህ «ሬዲዮ ሴት አያጫውትም» የሚለው አባባል ከማስረጃው ያልፋል።

ነገር ግን የምርጫ ክርክሩ መሠረቱ ላይ ተሰንጥቋል። ጥናቱ የሚለካው ትውውቅን ነው፤ ትውውቅን የሚፈጥረው ራሱ ጣቢያው ነው። አሥር የወንድ ዘፈን ለአንድ የሴት ዘፈን እያጫወቱ አድማጩን «የቱን ታውቃለህ?» ብሎ መጠየቅ መልሱን አስቀድሞ ሰጥቶ መጠየቅ ነው። በተጨማሪ ሁለት ሴት አታከታትል የሚለው ልማድ የየዘፈኑን ውጤት ሳያይ ጣሪያ ያበጃል። የዘፈን መደርደሪያ ሶፍትዌሩ ላይ ሴት ለዘፈነችው ዘፈን «የሴት ድምፅ» ተብሎ መለያ ይሰጠዋል፤ ሕጉ ከተጻፈ በኋላ አንዲት ሴት ስትገባ የምትወዳደረው ከሌላዋ ሴት ጋር እንጂ ከወንዶቹ ጋር አይሆንም። በጃንዋሪ 2020 አንድ የሚሺጋን ጣቢያ ሁለት ሴት አከታትሎ ማጫወት እንደማይፈቀድለት በይፋ ሲጽፍ መስግሬቭስ በቁጣ መለሰችለት። በዚያው ወር የካንትሪ ቴሌቪዥኑ ሲኤምቲ የቪዲዮ ሰዓቱን ለወንድና ለሴት እኩል እንደሚያካፍል አሳወቀ።

የመስግሬቭስን ጉዳይ በሌላ መንገድ የሚያብራሩም አሉ። በ2013 ያወጣችው «ፎሎ ዩር አሮው» የተመሳሳይ ፆታ ፍቅርንና ማሪዋናን በግጥሙ ስለነካ ወግ አጥባቂ አድማጭ ያላቸው ጣቢያዎች ሸሽተዋታል ይላሉ። ይህ ለዚያ ዘፈን ይሠራ ይሆናል፤ «ጎልደን አወር» ግን ከዳር እስከ ዳር ስለ ፍቅር፣ ስለ እናት፣ ስለ ብቸኝነት ነው። በፖለቲካ የተቀጣ የሴቶች አልበም ማየት የፈለገ ያኔ «ዲክሲ ቺክስ» ይባል የነበረውን የሴቶች ቡድን፣ የቺክስን ይመልከት። በ2003 የቡድኑ መሪ ድምፃዊት ለንደን መድረክ ላይ ፕሬዚዳንት ቡሽን በመንቀፏ ጣቢያዎች ዘፈናቸውን አወረዱ። በ2006 ያወጡት አልበም በመጀመሪያው ሳምንት 526,000 ቅጂ ተሸጦ፣ በ2007 የዓመቱን አልበም ጨምሮ አምስት ግራሚ አመጣ። ዋናው ዘፈናቸው በካንትሪ ሬዲዮ 36ኛ ላይ ቆመ። እዚያ ጠብ ነበር። መስግሬቭስ ላይ ያን የመሰለ ጠብ በሌለበት ውጤቱ ተመሳሳይ መሆኑ ዋናው መንስኤ የአሠራሩ ልማድ መሆኑን ያሳያል ብዬ አምናለሁ።

ግራሚው እንዴት ተገኘ?

ግራሚን የሚሰጡት ሙዚቀኞች፣ ደራሲዎች፣ ፕሮዲውሰሮችና የድምፅ መሐንዲሶች ናቸው። የመጀመሪያው እርምጃ ማስገባት ነው፤ አሳታሚው አልበሙን ከነምድቡ ያቀርባል። ቀጥሎ የማጣሪያ ኮሚቴ ይቀመጣል። ይህ ኮሚቴ ጥሩ ነው መጥፎ ነው አይልም፤ የሚወስነው ለየትኛው ምድብ ይሆናል የሚለውን ብቻ ነው። ከዚያ አባላት በመጀመሪያው ዙር ይመርጣሉ። በዚያን ጊዜ በአራቱ ዋና ምድቦች ከፍተኛ ድምፅ ካገኙት 20 መካከል ዕጩዎቹን የሚለይ ዝግ ኮሚቴ ነበር፤ በ2021 ተሰርዟል። በመጨረሻው ዙር እያንዳንዱ መራጭ በየምድቡ አንድ ይመርጣል፣ ብዙ ድምፅ ያገኘው ያሸንፋል፤ ከግማሽ በላይ ማግኘት አያስፈልግም።

በ2019 ሁለት ነገር ተለውጦ ነበር። በዋና ምድቦቹ የዕጩዎች ቁጥር ከ5 ወደ 8 ከፍ ብሏል። በስምንት ዕጩ መካከል ድምፅ በእኩል ቢበታተን ከ12.5 በመቶ ትንሽ ከፍ ያለ ያሸንፋል ማለት ነው። ሁለተኛው፣ በ2018 የወቅቱ የአካዳሚው ፕሬዚዳንት ሴቶች ራሳቸውን ወደፊት ማምጣት አለባቸው የሚል ቃል ተናግረው ከፍተኛ ቁጣ ተነስቶ ነበር። ከዚያ በኋላ አካዳሚው ሴቶችን፣ ነጭ ያልሆኑና ወጣት ሙያተኞችን ለይቶ 900 ሰዎችን ለአባልነት ጋበዘ። በዚያ ዓመት ለዓመቱ አልበም ከታጩት ስምንት አምስቱ የሴቶች ሥራ ነበሩ።

ድሉን «ራፐሮቹ ድምፅ ተከፋፈሉ፣ እሷ በመሀል አለፈች» ብለው የሚያስረዱ አሉ። ድሬክ፣ ካርዲ ቢ፣ ፖስት ማሎንና በኬንድሪክ ላማር የተመራው የ«ብላክ ፓንተር» ፊልም ሙዚቃ በአንድ ላይ መቅረባቸው እውነት ነው። ሆኖም አካዳሚው የድምፅ ቆጠራ ስለማያወጣ ይህ ግምት ሆኖ ይቀራል፤ በጊታርና በድርሰት ሙያተኞች ዘንድ ሌላዋ ዕጩ ብራንዲ ካርላይልም ከእሷ ድምፅ ልትወስድ ትችል ነበርና። የሚታየው ምክንያት የበለጠ ያሳምናል፦ መራጮቹ ስቱዲዮ የሚውሉ ሰዎች ናቸው። ቮኮደርን ከባንጆ ጋር ሳይጋጭ ማስቀመጥ፣ ለድምፃዊቷ ዝቅተኛ ድምፅ ቦታ ትቶ መሣሪያን መቀነስ ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቃሉ። ሬዲዮው «አድማጭ ጣቢያ ይቀይራል ወይ?» ሲል እነሱ «እንዴት ተሠራ?» ይላሉ።

ሬዲዮ አሁንም ለምን ያሳስባል?

«ስትሪሚንግ እያለ ሬዲዮ ለምን ያስጨንቃል?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። መልሱ ገንዘቡ ውስጥ ነው። በአሜሪካ ሕግ መደበኛ ሬዲዮ ዘፈን ሲያጫውት የሚከፍለው ለደራሲው ነው፤ ለድምፃዊውና ለቀረጻው ባለቤት አይከፍልም። ክፍያው እንደ አስካፕና ቢኤምአይ ባሉ ማኅበራት ተሰብስቦ ለግጥምና ዜማ ደራሲው ይደርሳል። በስትሪሚንግ በተቃራኒው ትልቁ ድርሻ ወደ ቀረጻው ባለቤት ይሄዳል፤ ለደራሲ የሚተርፈው ትንሽ ነው። ስለዚህ የሬዲዮው በር ሲዘጋ መስግሬቭስ በደራሲነቷ የምታጣው አለ፤ ከዘፋኟ በላይ የሚጎዱት ግን አብረዋት የጻፉት ናቸው። ናሽቪል ውስጥ የደራሲነት ሥራ በቀጠሮ ተገናኝቶ በጋራ መጻፍ ነው። የሴት ዘፈን ሬዲዮ ላይ እንደማይገባ ያወቀ ደራሲ ጊዜውን ለማን እንደሚሰጥ መገመት አያዳግትም። አሳታሚውም አዲስ ሴት ድምፃዊት ለማስፈረም ያመነታል፤ ከዚያ ጣቢያዎቹ «በቂ የሴት ዘፈን አይቀርብልንም» ይላሉ፤ ይህም በዚያ ጊዜ እውነት ሆኖ ይገኛል።

እንደ መስግሬቭስ ስም ያላት ሰው ሌላ መንገድ አታጣም። በ2018 ከሃሪ ስታይልስ ጋር ተጉዛ ለፖፕ አድማጭ ዘፈነች። በ2023 ከዛክ ብራያን ጋር የሠራችው ዘፈን በዋናው የአሜሪካ ሰንጠረዥ 1ኛ ሆነ፤ የተሸከመው ስትሪሚንግ ነበር። በማርች 2024 የወጣው «ዲፐር ዌል» የተሰኘው አልበሟ በ«ቢልቦርድ 200» 2ኛ ሆኖ ገባ። ይህ መንገድ ግን ስም ላላቸው ነው የሚሠራው፤ ገና የምትጀምር ድምፃዊትን ለአነስተኛ ከተማ አድማጭ የሚያስተዋውቅና የኮንሰርት ትኬት የሚያሸጥላት እስካሁን በአብዛኛው ሬዲዮው ነው።

የምድቡ መከፈል ምን ይለውጣል?

አካዳሚው ለ«ባህላዊ ካንትሪ» የሰጠው መግለጫ በመሣሪያ ላይ ያተኩራል፤ አኩስቲክ ጊታር፣ ስቲል ጊታር፣ ፊድል፣ ባንጆ፣ ማንዶሊን፣ ፒያኖ፣ በሰው እጅ የሚመታ ከበሮ። የተቀረው ዘመናዊ ነው። የሁለት ዕድል መኖር ለሴቶች ጥቅም አለው፤ ለአንድ ሽልማት ይሻሙ የነበሩ እንደ «ካውቦይ ካርተር» እና «ዲፐር ዌል» ያሉ በ2025 የተፎካከሩ አልበሞች ተለያይተው ሊቀርቡ ይችላሉ። «ጎልደን አወር» ዛሬ ቢወጣ ስቲሉና ባንጆው ወደ ባህላዊው ቢስቡትም ቮኮደሩና ዲስኮው ስለሚያመዝኑ ወደ ዘመናዊው ይገባ ነበር የሚል ግምት አለኝ።

ሳይነካ የቀረው የማጣሪያ ኮሚቴው ነው። መስግሬቭስ በሴፕቴምበር 2021 «ስታር ክሮስድ» የተሰኘውን አልበም ስታወጣ ኮሚቴው ለካንትሪ አልበም ምድብ አይሆንም ብሎ ወደ ፖፕ አዛወረው። ከዚያው አልበም የወጣው «ካሜራ ሮል» ግን በካንትሪ ምድቦች ታጨ። የአሳታሚዋ የናሽቪል ፕሬዚዳንት ሲንዲ ሜብ ለአካዳሚው ኃላፊ በጻፉት ደብዳቤ አዲሱ አልበም ከተሸለመው «ጎልደን አወር» የበለጠ የካንትሪ መሣሪያ እንዳለው ተከራክረዋል። ውሳኔው አልተለወጠም። በአዲሱ አሠራርም አንድ አልበም ባህላዊ ነው ወይስ ዘመናዊ ከመባሉ በፊት ካንትሪ መሆኑን የሚወስነው ያው ኮሚቴ ነው፤ ስብሰባውም ዝግ ነው። ምድብ ከመጨመር በፊት ኮሚቴው አንድን አልበም ሲያስወጣ ምክንያቱን በጽሑፍ ለአሳታሚው የሚሰጥበት ደንብ ቢኖር እንደ «ስታር ክሮስድ» ያለ ሥራ በይግባኝ የሚከራከርበት ነጥብ ይኖረው ነበር።